የአያ ስንሻው ግራ እጅ

በደብረ ታቦር እንጨት የሚያውቅ ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር እኔ ቤት ያደርሳችኋል። አስማረ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ አልፏል፤ ዓይኔ ግን ዛሬም የተጣመመ እንጨት ከሩቅ ይለያል። የሙያ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ንድፍ በወረቀት ላይ አልሠራም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ሠርቼ እጨርሰዋለሁ። ወጣቶቹ በሜትር ሁለት ጊዜ ለክተው ሦስት ጊዜ የሚቆርጡትን እኔ በስንዝር ለክቼ በአንድ ጊዜ እገላገለዋለሁ። ዲፕሎማ ያላቸው ሰዎች የሠራሁትን በር ከፍተው ዘግተው፣ ጎንበስ ብለው ማጠፊያውን አይተው፣ ሳይናገሩ ሲሄዱ አይቻለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ወጣት የስፖርት አስተማሪ ጃንጥላውን እያራገፈ መሥሪያዬ ገባ። ተማሪዎቹ እየወረወሩ የሚለማመዱበት ኢላማ አለው፤ ማቆሚያ ግን የለውም። አጥር ላይ ሲያስደግፈው ይወድቃል፤ ዛፍ ላይ ሲሰቅለው ነፋስ ያዞረዋል። የሚፈልገው ከእንጨት የተሠራ፣ ተፈታቶ ባጃጅ ላይ የሚጫን፣ አንዱ ሜዳ ጭቃ ሲሆን ወደ ሌላው የሚወሰድ ማቆሚያ ነው። ስልኩን አውጥቶ የፈረንጅ አገር ፎቶ ሊያሳየኝ ሲል እጁን መለስኩት። አባትህ ሳይወለድ ሠርቼዋለሁ አልኩት። ሽማግሌ ሲያጋንን እንደሰማ ሰው ፈገግ አለ። በሁለት ቀን ሠርቼ አስረከብኩት፤ የእሱ ጉዳይ በዚያው አለቀ።

የእኔ ግን አላለቀም። ያን ዕለት ለአንድ አሮጌ አልጋ የሚሆን ጠፍር በርሜል ውስጥ ዘፍዝፌ ነበር። ጠፍር ከበሬ ቆዳ በቀጭኑ የሚተለተል ማሰሪያ ነው፤ ሲርስ እንደ አንጀት ይልፈሰፈሳል፣ ሲደርቅ እንደ ብረት ይጨብጣል። ውጭ ዝናብ፣ ቤት ውስጥ የእርጥብ ቆዳ ሽታ፣ ከፊቴ ደግሞ ስለ ኢላማ ማቆሚያ የሚያወራ ሰው። ሦስቱ ባንድ ላይ ሲመጡብኝ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ነገር ትናንት የሆነ ያህል ተመለሰ።

ያደግሁት ጉና ተራራ ሥር፣ ከገደል አፋፍ ላይ በተሠራች ቀየ ነው። እዚያ ከገብስና ከድንች ሌላ የሚበቅል የለም። ገብሱን ደግሞ ከእኛ እኩል የሚጠብቅ ሌላ ባለቤት ነበረው፦ ጭላዳ ዝንጀሮ። መንጋው ሌሊቱን ገደሉ ውስጥ አድሮ ፀሐይ ስትሞቅ ይወጣል። አንድ ማሳ ውስጥ ከገባ ከጠዋት እስከ ቀትር የአንድ ቤት የዓመት ቀለብ ይጨርሳል። ስለዚህ ቀየው በሙሉ አንድ ጠባቂ ነበረው። እሳቸውም አያ ስንሻው ነበሩ።

ከየት እንደመጡ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። መሬት የላቸውም፣ ሚስት የላቸውም። ከማሳው ዳር ባለች ጎጆ ያድራሉ፤ ቀለባቸውን በየቤቱ ሳምንት ሳምንት በተራ ይበላሉ፤ አዝመራ ሲሰበሰብ ከየአውድማው ድርሻ ይሰፈርላቸዋል። ይህ ሥራ ቤታቸውም፣ እርሻቸውም፣ ዘመዳቸውም ነበር። በጣሊያን ጊዜ የተሠራ፣ ቁልፉ ሁሉ የረገፈ ካፖርት ይለብሱ ነበር፤ በቁልፉ ፋንታ የእንጨት ቁራጭ እያሾሉ ይወትፉበታል። ካፖርቱ ጭስና የበግ ጠጉር ይሸታል። ወንጭፋቸውን ከጥቁር የበግ ጠጉር ራሳቸው ነበር የሚጎነጉኑት። ሲያዞሩት መጀመሪያ እንደ ንብ ይጮኻል፣ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል፣ ከዚያ ጅራፍ የመሰለ ጩኸት ይሰማና ድንጋዩ ሄዷል። ማሳው ውስጥ ከተተከለው የመጠበቂያ ማማ ላይ ቆመው ወዲያ ማዶ ያለ የጅብራ ተክል አናቱን ሲያፈርጡት አይቻለሁ። ዝንጀሮውን ግን አይመቱም ነበር። ከትልቁ ወንድ እግር ፊት አንድ ክንድ ቀርቶት ድንጋዩ መሬቱን ይቆፍራል፤ መንጋው ይመለሳል። ለምን እንደማይመቱት ብጠይቃቸው፣ የተመታ ይናደዳል፣ ያልተመታ ግን ቆሞ ያስባል አሉኝ።

በዚያ ዓመት እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ያኔም ቢሆን እጄ የታወቀ ነበር። የመጥረቢያ እጀታ፣ በርጩማ፣ የበር መቀርቀሪያ እሠራ ነበር፤ አባቴ ሞፈር ሲጣመምባቸው ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። በግንቦት ላይ የአያ ስንሻው ማማ አርጅቶ ስለነበር ሌላ እንዲሠራ ሲነገር እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ከሰዉ ማማ ሁሉ ከፍ ያለ፣ አራት እግሩ እንደ ሐውልት ቀጥ ያለ ማማ አቆምኩ። ማማን ሰው ሁሉ የሚያስረው በሐረግ ወይም በዛፍ ልጥ ነበር። ያ ለእኔ የሰነፍ ሥራ መሰለኝ። ቀንበር በጠፍር ከታሰረ ማማ በጠፍር የማይታሰርበት ምክንያት ምንድን ነው አልኩ። ከእናቴ የበሬ ቆዳ ለምኜ ተለተልኩ፣ አረጠብኩ፣ እየወጠርኩ አሰርኩ። በግንቦት ፀሐይ ሲደርቅ እንጨቱ እስኪጮህ ድረስ ጨበጠው። ሦስት ጎልማሶች ወጥተው ዘለሉበት፤ ንቅንቅ አላለም። ጭቃ ሹሙ፣ የቀየው ሹም ማለት ነው፣ አባቴን ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ልጅህ እጁ ተባርኳል አላቸው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከደስታ ብዛት ነበር።

ነሐሴ አሥራ ሦስት፣ የቡሄ ዕለት ጠዋት፣ ማማው ወደቀ።

ለስድስት ቀን ያለማቋረጥ ሲዘንብ ነበር። በዓል ስለሆነ ሰው በየቤቱ ጠላ ላይ ነበር። አያ ስንሻው ብቻቸውን ማማው ላይ ነበሩ። ሰው ሲደርስ እሳቸው ጭቃው ላይ ተጋድመው፣ እንጨቱ በዙሪያቸው ተበታትኖ ተገኘ። ቀኝ ትከሻቸው ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ አሸው፤ አጥንቱ ግን በወጉ አልገጠመም። ከዚያ በኋላ ቀኝ እጃቸው ከደረታቸው በላይ አልወጣም። ምን ሆነው ወደቁ ተብለው ሲጠየቁ እግሬ አዳለጠኝ፣ ስወድቅ ማማውን ይዤው ወደቅሁ አሉ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የቡሄ ዕለት እግሩ የሚያዳልጠው ምን የጠጣ ነው ተባለ። ወሬው ከቤት ቤት ሲዞር አረቄ ሆነ። እኔም አመንኩት። የእኔ ማማ በራሱ ሊወድቅ አይችልም ነበርና።

ጭቃ ሹሙ የሚስቱን ወንድም በአያ ስንሻው ቦታ ሊተካ ማሰቡን ሁሉም ያውቅ ነበር። ግን በደረቁ ማባረር ስላልፈለገ ቀጠሮ ሰጠ። ገብሱ እሸት ሲይዝ፣ ከመስቀል በኋላ ባለው ሁለተኛው እሑድ፣ ስንሻው በሽማግሌዎች ፊት ይወንጭፍ፤ ከቻለ ይቀመጥ፣ ካልቻለ ይሂድ አለ።

በዚያ ሳምንት ቀለባቸው የእኛ ቤት ተራ ነበር። እናቴ ያቀረበችላቸውን ድንች በግራ እጃቸው እየላጡ፣ ሰው ወጣ ሲል ጠብቀው ጠሩኝ። በግራ መወንጨፍ እማራለሁ አሉኝ። የሚማሩበት ኢላማ ይፈልጋሉ። ግን በአንድ ቦታ ሁለት ቀን ከወረወሩ ሰው ያያቸዋል፤ ገና ሲስቱ ከታዩ ደግሞ ቀጠሮው ሳይደርስ ነገሩ አለቀ። ስለዚህ ኢላማው በየቀኑ ከሸለቆ ሸለቆ የሚዞር፣ ተፈቶ በሰው ጀርባ የሚሸከሙት፣ ቁልቁለት ላይም የሚቆም መሆን አለበት። ይህን ሁሉ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲለምን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሠራሁላቸው። በአራት እግር የሚሠራ ሰው ሞኝ ነው፤ ወጣ ገባ በሆነ መሬት አንዱ እግር ሁልጊዜ አየር ላይ ይቀራል። እኔ ማንም ሳይነግረኝ በሦስት እግር አደረግሁት። ሁለቱ ከፊት ተራርቀው፣ አንዱ ከኋላ ተደግፎ፣ ከላይ አንድ አግዳሚ። ከአግዳሚው ላይ ጭድ የተጠቀጠቀበት አሮጌ አቁማዳ ተንጠለጠለ። ድንጋይ ሲመታው እንደ ከበሮ ዱም ይላል፣ ዓይን ባያይ እንኳ ጆሮ ያውቃል። መጋጠሚያዎቹን በጠፍር አሰርኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር። አያ ስንሻው ማሰሪያውን ትንሽ ዳሰስ አደረጉ፣ ፊቴን አዩ፣ እግዜር ይስጥህ አሉ።

ፏፏቴው ድምፁን በሚውጥበት ሸለቆ ጀመርን። የመጀመሪያው ድንጋይ ወደ ኋላ ሄደ። ሁለተኛው ወደ ሰማይ። ሦስተኛው በጆሮዬ ሥር ፉጨት እየነፋ አለፈ።

«የት ልቁም አያ?» አልኳቸው ጭንቅላቴን ይዤ።

«ኢላማው አጠገብ ቁም። እዚያ የሚደርስ የለም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ቀን አልሳቅንም። እሳቸው ሳይነጋ ይነሳሉ፣ እኔ የኢላማውን መቆሚያ ተሸክሜ እከተላለሁ፤ ገብሱ በየቀኑ ይረዝማል። መስከረም ጠባ። ግራ እጃቸው ወንጭፉን ያዞረዋል፤ የሚለቁበትን ቅጽበት ግን አያውቀውም። ቀኙ ሃምሳ ዓመት የተማረውን ግራው ከባዶ ይጀምራል። መዳፋቸው ተላጦ ደማ። አንድ ቀን ሠላሳ ድንጋይ ወርውረው አንዱም ሳይነካ ሲቀር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ካፖርቱን ፊታቸው ላይ ጎተቱት። አለቀሱ አልልም። ግን ለረጅም ጊዜ ከፊታቸው ላይ አላነሱትም። ከካፖርቱ ሥር፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ቤት ደጅ እጠናለሁ ሲሉ ሰማሁ። እኔን አልነበረም የሚያናግሩት።

መስቀል ካለፈ በኋላ ጉናን ጉም ዋጠው። ካፊያው ቀጭን ነው፤ ግን አያባራም። አንድ ጠዋት መቆሚያውን ቀድሜ አቁሜ፣ ጉሙ እስኪሳሳ ብዙ ጠበቅን። ከዚያ አያ ስንሻው ተነሱ፣ አዞሩ፣ ለቀቁ። ከእጃቸው ሲወጣ አወቅሁት። ድንጋዩ እንደ ድሮው ፀጥ ብሎ ሄደ። በዚያው ቅጽበት የመቆሚያው እግሮች እንደሰከረ ሰው ተበርግደው ወደቁ። በግራ እጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ የሄደው ድንጋይ፣ አቁማዳው ተንጠልጥሎበት በነበረው ባዶ ቦታ አልፎ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ሮጬ ሄጄ እንጨቱን መሳደብ ጀመርኩ። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ መሬቱ ነው፣ ነፋሱ ነው አልኩ። እሳቸው ቀስ ብለው መጥተው ተንበረከኩና ከመጋጠሚያው ላይ ጠፍሩን በሁለት ጣት ሳቡት። እንደ አንጀት ተንሸራትቶ ወጣ። ከዚያ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው ሌላ የተጠቀለለ ጠፍር አወጡና ከጎኑ አስቀመጡት። ውፍረቱም፣ አቆራረጡም፣ ጫፉ ላይ ያለው የወስፌ ቀዳዳም አንድ ነበር። የማማው ነበር።

ሁለቱን ጠፍሮች አንስቼ ጫፍ ለጫፍ አስተያየኋቸው።

«ሰው ሳይደርስ ለቀምኩት» አሉ። «ስወድቅ አልጠጣሁም፣ እግሬም አላዳለጠኝም። ዝናቡ ማሰሪያህን አላላው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም አያ?»

«ምን ብዬ? ልጁ ጣለኝ ብዬ? አስማረ፣ ይህ ሰፈር አንዴ ሰው የጣለ እጅ ነው ካለህ ሁለተኛ መጥረቢያ የሚያስይዝህ የለም። እኔ እግሩ አዳለጠው ብባል ምን እሆናለሁ?»

ምን እንደሚሆኑ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ማልቀስ ስጀምር ቁጣ የመሰለ ነገር ፊታቸው ላይ መጣ።

«ተወው። የዶማ እጀታ ሲላላብህ ምን ታደርጋለህ?»

«ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ።»

«ለምን?»

«እንጨቱ ያብጥና ይጠብቃል።»

«ታዲያ እንጨትን በእንጨት እሰረዋ። አገሩ ዝናብ መሆኑን እያወቅህ ዝናብ የሚፈታውን ታስራለህ?»

ማንም አላስተማረኝም እያልኩ ስድሳ ዓመት ተናግሬአለሁ። ያን ጠዋት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እዚህ ላይ ልጻፈው። በሁለት ቀን ውስጥ መቆሚያውን እንደገና ሠራሁት። እግሮቹን በመሮ ፈልፍዬ አግዳሚውን አሳለፍኩ፣ በየመጋጠሚያው ከደረቅ ወይራ የጠረብኩትን ሽብልቅ መታሁ። ሽብልቁ ሲነቀል ሁሉም ተለያይቶ አንድ ሸክም ይሆናል፤ ሲመታ አንድ አካል ይሆናል። ካፊያ ውስጥ አሳደርነው። ጠዋት ስናየው በሬ ቢስበው አይላቀቅም ነበር። በዚያ ቀን አቁማዳው አራት ጊዜ ዱም አለ። በማግሥቱ ዘጠኝ ጊዜ።

እሑዱ ደረሰ። ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ማሳው ዳር ተቀመጡ፣ አባቴም በመካከላቸው ነበሩ። መቆሚያውን ተሸክሜ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሽብልቆቹን እየመታሁ ሳቆመው፣ ይህን ደግሞ ማን ሠራው ሲባል እኔ ነኝ አልኩ፤ አፌ ለዚህ ፈጣን ነበር። አያ ስንሻው ወንጭፉን በግራ እጃቸው ሲይዙ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። የመጀመሪያው ድንጋይ ሳተ። ሳቁ ጨመረ። ከዚያ ዱም። ከዚያ ዱም። አምስት ድንጋይ ነበር የተፈቀደላቸው፤ አራቱ መቱ። አባቴ ጉድ ነው ሲሉ ሰማሁ።

ጭቃ ሹሙ ተነሳ። ፊቱ አልተለወጠም።

«ክንዱን አየን፤ ክንዱ ደኅና ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ጉሮሮው ነው። ስንሻው፣ የቡሄ ዕለት ስንት ዋንጫ ጠጣህ?»

የሚያድናቸው አንድ ቃል ነበር፤ ቃሉም እኔ አፍ ውስጥ ነበር። መዶሻው እጄ ላይ ነበር። አባቴ ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ በእኔ እየኮሩ ነበር፣ አየሁ። ቃሉን ትቼ የተመታውን ሽብልቅ እንደገና መታሁት። አያ ስንሻው አንዴ ብቻ ወደ እኔ ተመለከቱ። ልመና አልነበረም፣ ወቀሳም አልነበረም። ትልቅ ሰው ልጅ ውሃ ሲሻገር የሚያየው ዓይነት ነበር።

«እግሬ አዳለጠኝ ጌታዬ» አሉ።

«የሚያዳልጠውን ገብሳችን ላይ አናቆምም» አለ ጭቃ ሹሙ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አንድም የተቃወመ አልነበረም። እኔም አልተቃወምኩም።

ማክሰኞ ጠዋት ቀየውን ለቀቁ። እናቴ ቂጣ ቋጥራ ላከችኝ፤ ጎጆው ባዶ ነበር። ፏፏቴው ያለበት ሸለቆ ሮጥኩ። መቆሚያዬ እዚያ ቆሟል፤ ሽብልቆቹ ሁሉ በደንብ ተመትተዋል፣ አቁማዳው ውስጥ አዲስ ጭድ ተጠቅጥቋል። ከሥሩ የተመረጡ ክብ ክብ ድንጋዮች በመደዳ ተቀምጠው ነበር። ስንት ድንጋይ እንደወረወርኩ አላውቅም። ሁሉንም በግራ እጄ ነበር፤ አንዱም አልመታም።

ጎልማሳ ሆኜ ይፋግ ድረስ ወርጄ ስለ እሳቸው ጠየቅሁ። አንድ ነጋዴ፣ ወደ ፎገራ ሜዳ በግራው የሚወነጭፍ ሽማግሌ ወፍ ሲጠብቅ ነበር ብሎ ሰምቷል። ከዚያ በላይ አላገኘሁም። አባቴ እውነቱን ሳይሰሙ ሞቱ፤ ጭቃ ሹሙም ሞተ። ይህን ባነብለት የሚፈርድብኝ ሰው አልቀረም።

እንግዲህ በዕድሜዬ የሠራሁትን ልናገርና ላብቃ። ከደብረ ታቦር እስከ ክምር ድንጋይ ባሉ መንደሮች የእኔን በር የማታገኙበት ሰፈር የለም። የሁለት ቤተ ክርስቲያን ጣራ በእኔ ወራጅ ላይ ተኝቷል፤ የአንድ መስጊድ ደረጃም የእኔ ሥራ ነው። ሰባት ልጆች በመጋዜ አሳድጌአለሁ። አልጋ፣ ሣጥን፣ የሠርግ ወንበር፣ የሬሣ ሣጥን፣ ቁጥራቸውን ረስቻለሁ። አሥራ አንድ ወጣቶች ከእኔ ሙያ ተምረው ዛሬ የየራሳቸው መሥሪያ አላቸው፤ ሲሳሳቱ በሰው ፊት ተቆጥቻቸው አላውቅም። ጉና ሥር ባሉ ማሳዎች ሠላሳ አራት ማማ አቁሜአለሁ፤ ለአንዱም ዋጋ አልተቀበልኩም። ክረምት በገባ ቁጥር በጉልበቴ እየወጣሁ መጋጠሚያቸውን አንድ በአንድ በእጄ እዳስሳለሁ፤ ዘንድሮም ወጥቻለሁ። እስከ ዛሬ ከእነዚያ ማማዎች ላይ አንድ ሰው አልወደቀም።